ቢሲዲ ከመግዛታችሁ በፊት፦ አየር የሚያስገባውን ሳይሆን የሚያስወጣውን እዩ

እንጦጦ ላይ ውሃ ጠጥታችሁ የጨረሳችሁትን ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉትና ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ ወደ አዋሽ ውረዱ። አዋሽ ደርሳችሁ ስታወጡት ማንም ሳይነካው ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። በተቃራኒው ደግሞ ቆላ የታሸገ ቺፕስ አዲስ አበባ ሲደርስ ተነፋፍቶ ሊፈነዳ የደረሰ ይመስላል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር አልጠፋም፣ የቺፕሱም አልተጨመረም። የተቀየረው ከውጭ የሚጫናቸው ግፊት ነው። ይቺን ጠርሙስ አትርሷት፤ ዛሬ የማወራችሁ ነገር ሁሉ ከሷ ጋር የተያያዘ ነው።

ወሬው የጀመረው በውስጥ መስመር በመጣ አንድ መልእክት ነው። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ጅቡቲ ሄዶ ስኩባ ዳይቪንግ ሊማር አስቧል። ዱባይ የምትሠራው እህቱ ደግሞ ለእረፍት ስትመጣ ያገለገለ ቢሲዲ በርካሽ አግኝታ ይዛለት መጥታለች። ፎቶውን ላከልኝና "ይሄ ነገር አሪፍ ነው? ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?" አለኝ።

እኔ ጠላቂ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ግን ጥያቄው ያዘኝ፤ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅኩ፣ የአምራቾችን መመሪያ አነበብኩ፣ ከዚያ ልጁ ቤት ሄጄ ጃኬቱን አብረን ፈተሽነው። ያገኘነውን ከታች ታነባላችሁ። ከጃኬቱ በላይ ያስደነገጠኝ ግን የጉዞ ዕቅዱ ነበር፤ እሱን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ቢሲዲ ምንድን ነው?

ስኩባ ጠላቂዎች የሚለብሱት፣ ውስጡ አየር የሚይዝ ከረጢት ያለው ጃኬት ነው። የአየር ሲሊንደሩ ከጀርባው ጋር ይታሰራል። በግራ ትከሻ በኩል በሚወርደው ቱቦ ጫፍ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ ከሲሊንደሩ አየር ወደ ጃኬቱ ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል።

ሥራው ሦስት ነው። ከመግባታችሁ በፊትና ከወጣችሁ በኋላ ውሃው ላይ ያንሳፍፋችኋል። ሲሊንደሩን ይሸከምላችኋል። ውሃ ውስጥ ስትሆኑ ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳትሄዱ ባላችሁበት እንድትቆዩ ያደርጋል። ትልቁ ጥበብ ሦስተኛው ነው።

ይሄ መሣሪያ ከጅምሩ የነበረ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶ እና ኤሚል ጋኛን ዘመናዊውን የስኩባ መተንፈሻ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። የዚያን ጊዜ ጠላቂዎች ቢሲዲ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ በቀበቶ እርሳስ እየጨመሩና እየቀነሱ፣ በሳንባቸውና በእግራቸው ጉልበት ነበር ሚዛን የሚጠብቁት። በአየር የሚሞላ ጃኬት የተለመደው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይለይ። ቢሲዲ የሕይወት አድን ጃኬት አይደለም። ጥሩ የሕይወት አድን ጃኬት ራሱን የሳተን ሰው ገልብጦ ፊቱን ወደ ሰማይ ለማድረግ የተሠራ ነው። ቢሲዲ እንደዚያ ለማድረጉ ምንም ዋስትና የለውም። የሚሠራው እናንተ ነቅታችሁ ስትቆጣጠሩት ብቻ ነው።

ጠርሙሷ ውሃ ውስጥ ስትገባ

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ ይቆማል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ እንጦጦ ላይ የተዘጋ አንድ ሊትር አየር ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ ወደ 0.7 ሊትር ይጨመቃል። ይሄን ለማድረግ 3 ኪሎ ሜትር ቁልቁል መውረድ ያስፈልጋል።

ውሃ ግን ከአየር በጣም ይከብዳል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ ሙሉ የአየር ግፊት ይጨመራል። ማለትም 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ነው። ከእንጦጦ እስከ ጅቡቲ ከሚመጣው ለውጥ የሚበልጠውን ባሕር ውስጥ በ10 ሜትር ብቻ ታገኙታላችሁ።

አሁን ስሌቱን ወደ ጃኬቱ አምጡት። 30 ሜትር ላይ ሆናችሁ 3 ሊትር አየር ጃኬቱ ውስጥ አስገባችሁ እንበል። ምንም ሳትነኩ 10 ሜትር ላይ ስትደርሱ 6 ሊትር ይሆናል። ላይ ስትደርሱ ደግሞ 12 ሊትር። አንድ ሊትር አየር ደግሞ ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ይገፋችኋል። ትንሽ ከፍ ስትሉ አየሩ ይሰፋል፤ ሲሰፋ የበለጠ ያነሳችኋል፤ የበለጠ ስትነሱ የበለጠ ይሰፋል። ቶሎ ካላስወጣችሁት በራሱ ጊዜ እየፈጠነ ሽቅብ ይተኩሳችኋል።

ይሄ ለምን ያስፈራል? ምክንያቱም ሳንባችሁም እንደ ጠርሙሷ ነው። ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ጠላቂ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ከዚያ ሌላ ደግሞ ጥልቀት ላይ ሳላችሁ የተነፈሳችሁት ናይትሮጅን ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብላችሁ ስትወጡ በትንፋሽ ይወጣል። ፈጥናችሁ ስትወጡ ግን ልክ የለስላሳ ክዳን በድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። ለዚህ ነው ብዙ አሠልጣኞች በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ውጡ፣ 5 ሜትር አካባቢ ስትደርሱም ለ3 ደቂቃ ቆሙ የሚሉት።

እንግዲህ የዛሬው ዋና ነጥብ ይሄው ነው። ሰው ቢሲዲ ሲገዛ "ምን ያህል አየር ይይዛል?" ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅ ያለበት "አየሩን በፈለግኩት ሰዓት፣ በማንኛውም አቋም ላይ ብሆን፣ በፍጥነት ማስወጣት እችላለሁ ወይ?" ብሎ ነው።

ብዙ አየር ብዙ ደህንነት አይደለም

ይሄን ትምህርት እኛ ኢትዮጵያውያን በመራራ መንገድ እናውቀዋለን።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ተጠለፈ። ነዳጁ አልቆበት ካፒቴን ልዑል አባተ ቦይንግ 767 አውሮፕላኑን ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፈው። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሕይወታቸው አለፈ። 50 ሰዎች ተረፉ።

ከሞቱት መካከል በርካቶቹ ግጭቱን ተርፈው ነበር። የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውታል። ካፒቴኑ አትንፉ ብሎ ነበር፤ ያልሰማም፣ ያልገባውም፣ በድንጋጤ የረሳም ነበረ። ውሃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ከጣሪያው ጋር አጣበቃቸው፤ ጠልቀው በበሩ መውጣት አልቻሉም። ዛሬ አውሮፕላን ስትሳፈሩ አስተናጋጇ "ጃኬቱን ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ እንዳትነፉ" ስትል ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ስሙ።

ከባሕር ዳርቻው ሮጠው ለእርዳታ ከደረሱት መካከል ለእረፍት የመጡ ስኩባ ጠላቂዎች ነበሩበት። እነዚያ ሰዎች ሥራቸው ይሄው ነው፤ አየር መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ያውቃሉ።

ሕይወት አድን ነው ተብሎ የተሰጠ አየር ጊዜውን ካልጠበቀ ይገድላል። ቢሲዲም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ስንት ዓይነት አለ?

ገበያው ላይ ብዙ ስም ታያላችሁ። በመሠረቱ ግን ጀማሪን የሚመለከቱት ሦስት ናቸው።

አንደኛው የተለመደው ጃኬት ነው። አየሩ ጀርባችሁንም ጎንና ጎናችሁንም ከቦ ይይዛችኋል። ውሃ ላይ ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆም ለጀማሪ ይመቻል፤ ብዙ ማሠልጠኛዎች የሚያከራዩትም እሱን ነው። ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ሲነፋ ደረትና ጎድን ያጨናንቃል።

ሁለተኛው አየሩን ጀርባ ላይ ብቻ የሚይዘው ነው። ከፊት ነፃ ትሆናላችሁ፤ ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ አግድም ለመተኛት በጣም ጥሩ ነው። አግድም የተኛ ጠላቂ ደግሞ አየር ይቆጥባል፣ ኮራሉንም በእግሩ አይመታም። ጉዳቱ ውሃው ላይ ከመጠን በላይ ከነፋችሁት ፊታችሁን ወደ ውሃው ይገፋዋል። መፍትሔው ትንሽ ብቻ መንፋትና ወደ ኋላ ዘንበል ማለት ነው።

ሦስተኛው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ጀርባ፣ ማሰሪያና የክንፍ ቅርጽ ያለው ከረጢት ለየብቻ የሚገጣጠሙበት ነው። ማሰሪያው ለማንኛውም ቁመና ይስተካከላል፤ ከረጢቱ ቢቀደድ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ብረቱ ራሱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ስለሚመዝን ቀበቶ ላይ የምትጨምሩትን እርሳስ ይቀንስላችኋል። ግን ያንን ኪሎ አውሮፕላን ላይም ትከፍሉበታላችሁ። በአየር ለሚጓዝ ሰው አሉሚኒየሙ ወይም ለጉዞ ተብሎ ቀለል ተደርጎ የተሠራው ጃኬት ይሻለዋል።

ሲሊንደሩን በጎን የሚያስሩበት ዓይነትም አለ። እሱ የራሱ ሥልጠና ስላለው ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገቡ ዝለሉት።

ምን ያህል ማንሳት አለበት?

ጃኬቱ ውስጥ ወይም መለያው ላይ የማንሳት አቅሙ ይጻፋል። አንዳንዱ በኪሎ፣ አንዳንዱ በኒውተን ነው። 10 ኒውተንን አንድ ኪሎ ብላችሁ ቁጠሩት፤ 150 ኒውተን ካለ ወደ 15 ኪሎ ማለት ነው። እንደ ጅቡቲ ባለ ሞቃት ባሕር ቀጭን ልብስ ለብሶ በአንድ ሲሊንደር ለሚጠልቅ ሰው ከ10 እስከ 15 ኪሎ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

"ተጨማሪ ቢሆን ምን ይጎዳል?" ትሉ ይሆናል። ትልቅ ከረጢት ውስጥ ትንሽ አየር ሲገባ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይንከባለላል፤ ሚዛን ያስታል፤ ሲያስወጡትም ጥግ ላይ ተደብቆ ይቀራል።

ብዙ ጀማሪዎች ከመጠን በላይ አየር የሚያስገቡበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፤ ከመጠን በላይ እርሳስ ስለሚታጠቁ ነው። መስመጥ ሲያቅታቸው እርሳስ ይጨምራሉ፤ ከዚያ ታች ሲደርሱ ስለሚከብዳቸው ያንን ለማካካስ ጃኬቱን ይነፋሉ። ትልቅ አየር ይዘው መዞር ማለት ነው። ስትወጡ የሚሰፋው ያ አየር ነው።

ልኩን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ጃኬቱን ባዶ አድርጋችሁ፣ መደበኛ ትንፋሽ ይዛችሁ፣ ሳትንቀሳቀሱ ውሃው ላይ ቁሙ። ውሃው ዓይናችሁ ጋ ከደረሰ ልክ ናችሁ። ስትተነፍሱ ቀስ ብላችሁ መስመጥ አለባችሁ። ሲሊንደሩ ሙሉ ከሆነ ግን ወደ 2 ኪሎ ጨምሩ። ለምን? አየር ክብደት አለው። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ ውስጡ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ አየር አለ። እየተነፈሳችሁት ስትሄዱ እየቀለላችሁ ትመጣላችሁ፤ መጨረሻ ላይ 5 ሜትር ላይ መቆም ያቅታችኋል።

አዲስ አበባ ገንዳ ውስጥ ወይም ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ የለካችሁትን እርሳስ ለባሕር እንዳለ አትውሰዱት። ጨዋማ ውሃ የበለጠ ያንሳፍፋል። ሰውና ዕቃ ተደምሮ 80 ኪሎ ከሆነ ወደ 2 ኪሎ ተጨማሪ ያስፈልጋል።

ልክነቱን እንዴት ታያላችሁ?

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ያንን ሁሉ ሸክም ይዘው ቁልቁለት የሚወርዱት ሸክሙ ከጀርባቸው ጋር ስለተጣበቀ ነው። ቢላላ ኖሮ ገና የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ይጥላቸው ነበር። ሲሊንደርም እንደዚያው ነው። ጀርባ ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ውሃ ውስጥ ይገለብጣችኋል።

ስለዚህ ጃኬቱን ስትሞክሩ የምትጠልቁበትን ልብስ ለብሳችሁ ሞክሩ። ማሰሪያዎቹን አጥብቃችሁ ሙሉ በሙሉ ንፉትና በረጅሙ ተንፍሱ። ደረታችሁን ከያዘው ይቅርባችሁ። ከዚያ ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ወደ ጆሯችሁ ከወጣ ሰፍቷችኋል፤ ውሃ ላይም እንደዚያው ያደርጋችኋል። እጃችሁን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ።

ሴቶች፦ "ለሁሉም ይሆናል" ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ለሴት ቁመና የተሠሩ አሉ፤ የትከሻው ማሰሪያ ደረትን ዞሮ የሚያልፍ፣ ጀርባውም አጠር ያለ ነው። ደረት ላይ የሚጫን ማሰሪያ ምቾት ብቻ ሳይሆን ትንፋሽም ይነሳል።

አሁን ደግሞ ዋናው፣ ማስወጫዎቹ። አብዛኛው ቢሲዲ ቢያንስ ሦስት ማስወጫ አለው። አንዱ የግራው ቱቦ ራሱ ነው፤ ከፍ አድርጋችሁ ቁልፉን ትጫናላችሁ። ሁለተኛው ትከሻ ላይ ነው፤ በገመድ ወይም ቱቦውን በመሳብ ይከፈታል። ሦስተኛው ከታች፣ ከኋላ ወገብ በኩል ነው። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል። ቀጥ ብላችሁ ከቆማችሁ በትከሻ በኩል ይወጣል። ጭንቅላታችሁ ወደ ታች ከሆነ ግን በትከሻ አይወጣም፤ በታችኛው ነው የሚወጣው። ሦስቱንም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በእጃችሁ ማግኘት ካልቻላችሁ ያንን ጃኬት አልተላመዳችሁትም ማለት ነው።

እርሳሱ ኪሱ ውስጥ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ እንዴት በአንድ እጅ ተስቦ እንደሚጣል እዩ። አንዱ በመያዣ ይሳባል፣ ሌላው በመንቀል ነው። የራሳችሁንም የጓደኛችሁንም አሠራር ከመግባታችሁ በፊት እወቁ።

ያገለገለ ከሆነ

ወደ ልጁ ቤት ልመልሳችሁ። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ሆነን ጃኬቱን በአፋችን ነፋነው። ከመጠን በላይ ሲሞላ በራሱ የሚያስተነፍሰው ማስወጫ ፊሽ ብሎ ተከፈተ። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ዘግተን እዚያው አሳደርነው።

ጠዋት ደወለልኝ። "ሞቷል፣ ለስልሷል፣ ይተነፍሳል" አለኝ። እውነት ለስልሷል። ግን ፈረንሳይ ነው ያለነው፤ የእንጦጦ ብርድ ሌሊቱን ቁልቁል ወርዶበታል። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። 25 ዲግሪ ላይ የተሞላ አየር 10 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ሳይተነፍስ ብቻ ወደ 5 በመቶ ይቀንሳል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው መልሶ ጠነከረ። ስለዚህ እንደኛ ደጋ ላይ ያላችሁ ይሄን ፈተና ቤት ውስጥ፣ ሙቀቱ በማይቀያየርበት ቦታ አድርጉት። ያለዚያ ጤነኛውን ጃኬት ታስጥላላችሁ።

ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ሳሙና በጥብጠን ስፌቱን፣ ማስወጫዎቹን፣ ቱቦው የተገናኘበትን ሁሉ አረጠብን። አረፋ የሚሠራ ቦታ ካለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። አልነበረም። ደስ አለን።

ደስታችን ግን አልቆየም። አየር የሚያስገባውን ቁልፍ ስንጫነው ተጭኖ ይቀርና ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። በባትሪ አብርተን ስናየው ዙሪያው ነጭ ነገር ጋግሯል። የደረቀ የባሕር ጨው ነው። ካገለገለ በኋላ በንጹህ ውሃ ታጥቦ አያውቅም ማለት ነው።

ቀላል ነገር ይመስላል። ግን አስቡት፤ 15 ሜትር ላይ ሆናችሁ ትንሽ አየር ልትጨምሩ ቁልፉን ነካችሁ፣ ቁልፉ ተጭኖ ቀረ። አየሩ መግባቱን አያቆምም። ከላይ ያየነው ሽቅብ መተኮስ ይጀምራል። ለዚህ ነው ሥልጠና ላይ ቱቦውን ከቁልፉ በፍጥነት መንቀልን የሚያስተምሩት። ያንን ያልተማረ ሰው ይደነግጣል።

ቀዳዳ ያለው ጃኬት አያንሳፍፋችሁም። ቁልፉ የሚጣበቅ ጃኬት ግን ሳትፈልጉ ያነሳችኋል። ሁለተኛው ይብሳል። የልጁ ጃኬት በባለሙያ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ዕቃው ተቀይሮ ካልሆነ በቀር ውሃ መንካት የለበትም።

ያገለገለ ስትገዙ እነዚህንም ጨምሩ፦ ቱቦውን እጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የሲሊንደር ማሰሪያው ሳስቶ እንደሆነ እዩ። ማያያዣው ከምትከራዩት ሬጉሌተር ጋር መግጠሙን አረጋግጡ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ውስጡን አሽትቱ፤ የሻገተ ሽታ ካለው ውሃ ውስጡ ሰንብቷል።

የተመለሰበት መንገድ

አሁን መጀመሪያ ላይ ያቆየሁት ነገር። ልጁን "መቼ ነው የምትመለሱት?" አልኩት። "እሁድ ጠዋት የመጨረሻዋን ጠልቀን፣ ማታ በረን፣ ሰኞ ሥራ" አለኝ። ጨመረና "ሰኞ ጠዋት እንደውም እናቴን እንጦጦ ጸበል አደርሳታለሁ" አለ።

እዚህ ላይ ነው ጠርሙሷ የምትመለሰው።

ከጠለቃ ስትወጡ ሰውነታችሁ ውስጥ ገና ያልወጣ ናይትሮጅን አለ። ባሕር ዳርቻ ላይ ብትቆዩ በሰዓታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። ግፊቱ ወደሚያንስበት ከፍታ በፍጥነት ከወጣችሁ ግን የለስላሳው ክዳን ዳግመኛ ተከፈተ። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠራው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የሚሰጠው ምክር ይሄ ነው፦ አንድ ተራ ጠለቃ ብቻ ከሆነ ከመብረራችሁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ወይም ለብዙ ቀን ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆዩ።

አሁን ልብ በሉ። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ቢል 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚሞላው። 2,400 ሜትር ማለት ምን ማለት ነው? አዲስ አበባ ማለት ነው። ሌላው ዓለም ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ባሕር ጠለል ይመለሳል። እኛ ስንወርድ ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳለን ነን። ፈረንሳይና ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ ከአውሮፕላኑም በላይ ወጣችሁ። ያ የ12 እና የ18 ሰዓት ምክር የእንጦጦን ከፍታ አልቆጠረም።

"በባቡር እመጣለሁ" ብትሉም ያው ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡርም፣ አውቶቡሱም፣ የጓደኛችሁ መኪናም ከባሕር ጠለል ተነስተው እዚሁ ከፍታ ላይ ነው የሚያመጧችሁ። መሬት ለመሬት ስለሄዳችሁ ሰውነታችሁ አይሸወድም።

ስለዚህ ለአዲስ አበባ ልጅ፣ በተለይ ለየካና ለእንጦጦ ሥር ልጅ፣ የመጨረሻው ቀን የመጥለቂያ ቀን መሆን የለበትም። ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት ጅቡቲ ቆዩ። አዲስ አበባ ከገባችሁም በኋላ እንጦጦን ለሌላ ቀን አቆዩት። ከአሠልጣኛችሁ ጋር ስትነጋገሩም "ቤቴ 2,500 ሜትር ላይ ነው" ብላችሁ ንገሩት፤ እሱ የሚያስበው ባሕር ዳር ስለሚያድር ቱሪስት ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ መገጣጠሚያ ላይ የሚጠዘጥዝ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ያልተለመደ ድካም፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ካያችሁ "ብርድ መታኝ" ብላችሁ አትተኙ። ዳማከሴም ማሳጅም አይፈታውም። በቶሎ ሆስፒታል ሂዱና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ "ከትናንት በስቲያ ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር" የሚል ይሁን። ያንን ካልነገራችሁት ሐኪሙ ከየት ያውቃል? የመጀመሪያ እርዳታው ንጹህ ኦክስጅን ነው፤ ዋናው ሕክምና ደግሞ ግፊቱ ከፍ በሚል ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ነው።

ታዲያ እንግዛ ወይስ ይቅር?

አዲስ ቢሲዲ እንደ ዓይነቱ ከ300 እስከ 1,000 ዶላር አካባቢ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ጅቡቲ ወይም ዛንዚባር ለሚሄድ ሰው መከራየት ይበቃዋል። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ፊታችሁ ላይ ልክ የሚሆን መነጽር ግዙ። ከዚያ ጥልቀትና ሰዓት የሚቆጥርላችሁ የጠለቃ ኮምፒውተር። ቢሲዲ ሦስተኛ ነው፤ ያውም ሥልጠና ወስዳችሁ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ተከራይታችሁ የሚመቻችሁን ካወቃችሁ በኋላ።

ከገዛችሁ ደግሞ ከባሕር በወጣ ቁጥር ውጩንም ውስጡንም በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ውሃውን አንጠፍጥፉት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ስታስቀምጡት ትንሽ አየር ተዉበት፤ ውስጡ እንዳይጣበቅ። ለበረራ ሲታሸግ ግን አየሩ ወጥቶ መሆን አለበት።

ሥልጠና ያልኩት ለወጉ አይደለም። የመጀመሪያ ደረጃ ሰርተፍኬት ያለው ሰው እንኳ የሚፈቀድለት እስከ 18 ሜትር ነው። ያለ ሥልጠና ከሆነ ምንም ያህል ውድ ጃኬት ቢኖራችሁ፣ ምንም ያህል ዋና ብትችሉ፣ አትግቡ።

ልጁ ምን ወሰነ? ጃኬቱን ጓዳ ሰቅሎት ሊሄድ ነው፤ እዚያው ይከራያል። እህቱን "አታስቀይሚያት፣ እንዲታደስ ይላካል" ብዬ እኔው ደወልኩላት። ሥራውን ደግሞ አንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀ፤ እሁድ አይጠልቁም፣ ሰኞ ማታ ነው የሚመለሱት።

እናቱ ግን ስለ ጸበሉ አልተስማሙም ነበር። "ባሕር ገብቶ እንጦጦ አይወጣም የሚል የት አለ?" አሉ። ልጁ የተጨማደደውን ጠርሙስ አሳያቸው። ትንሽ አዩትና "በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን" አሉት።

ጅቡቲ ለመሄድ የሚዘጋጅ ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ላኩለት። በተለይ የመመለሻውን ክፍል።